የማይቀር እንግዳ

አሶሳ ውስጥ የአቀባበል ኮሚቴ አባል ሆኜ አንድ ዓመት አገልግያለሁ። የተመረጥኩት የምርጫው ዕለት ስላልተገኘሁ ይመስለኛል። ዓመቱን ሙሉ እንግዳ አልተቋረጠም። አንዱ መሠረተ ድንጋይ ሊያኖር ይመጣል፤ ሌላው ቀድሞ የተቀመጠውን ሊጎበኝ ይመጣል። እኛ ድንኳን እናስተክላለን፣ ሞንታርቦ እናስመጣለን፣ ተማሪዎችን ፀሐይ ላይ እናሰልፋለን። እንግዳው ሕዝቡ ላሳየው ፍቅር ያመሰግናል፤ ሕዝቡ ዓይኑ የማንጎ ዛፍ ጥላ ላይ ነው።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ነገር ገባኝ። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ግሬደር ይመጣል። ስንት አቤቱታ ያላስጠገነው መንገድ እንግዳ ሊያልፍበት ሲል ጠረጴዛ ይመስላል። የሚጠገነው ግን እንግዳው እስከሚደርስበት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉድጓድ ባለሥልጣን ስለማያየው እንዳለ ይቀራል።

ሚስቴ ከኩርሙክ መንገድ ገባ ባለ መንደር አስተማሪ ናት። ያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፤ ወደ መንደሩ የሚያስገባውን መንገድ ደግሞ አምቡላንስ አይደፍረውም። ወደ ከተማ ነይ ብላት ተማሪዎቼን ሳላስፈትን አልንቀሳቀስም አለች። ስብሰባ ላይ ተንፍሼ የማላውቀው ሰውዬ እጄን አወጣሁና የሚቀጥለው እንግዳ ያንን መንደር ይጎብኝ አልኩ።

«ምን ይመረቃል?» ተባልኩ።

መንደሩ ራሱ አዋጥቶ ያሠራው የእጅ ፓምፕ አለ፣ ተመርቆ አያውቅም ብዬ መለስኩ። ተጨበጨበልኝ።

የመንደሩን ሽማግሌ፣ አማርኛን ዘግይተው የለመዱትን የበርታ ብሔረሰብ ሼኽ፣ ላማክራቸው ሄድኩ። ግራ ገባቸው።

«ፓምፕ ድሮ ጀምሮ ውሃ ይሰጣል። አሁን ምን ይመረቃል?»

«ሼኽ፣ እንግዳ ከመጣ ግሬደር ይመጣል።»

«ሚስትህ መቼ ይወልዳል?»

«ቀርቧል።»

«በል ይምጣ። ሪባን እኛ እንገዛለን።»

ግሬደሩ መጣ። በየቀኑ ወደ መንደሩ ሲጠጋ እንደ ልጅ ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቴ በስልክ፣ «ድምፁን ሲሰማ ልጁ ሆዴ ውስጥ ይራገጣል» ትለኛለች። ከመንደሩ በፊት ካለው ወንዝ ሲደርስ እንግዳው አስቸኳይ ስብሰባ ገጥሞት ቀረ ተባለ። ወሬው ከኮሚቴው ቀድሞ የደረሰው ለግሬደሩ ሾፌር ነው። ዞሮ ሊመለስ ሲል ደርሼ ለመንኩት።

«ወንድሜ፣ ነዳጁ የወጣው በእንግዳው ስም ነው» አለኝ።

እውነቱን ነበር፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው።

ምጡ ከታሰበው ቀን ቀድሞ መጣ። ተደውሎልኝ ከከተማ አምቡላንስ ይዤ በረርኩ። የተጠገነው መንገድ ወንዙ ጋ ሲያልቅ ሾፌሩ ከዚህ አላልፍም ብሎ ሞተር አጠፋ። የመንደሩ ወንዶች ሚስቴን በቃሬዛ ተሸክመው እስኪመጡ ጩኸቷን ከሩቅ ሰማሁት። ፈራሁ። እንደዚያን ቀን መንግሥትንም ኮሚቴውንም ራሴንም ሰድቤ አላውቅም።

ልጃችን ከተማ ሳንደርስ አምቡላንሱ ውስጥ ተወለደች። የእናቷ ደም ግን አልቆም አለ። ሆስፒታል ደርሰን ከተረጋጋች በኋላ አዋላጇ፣ መንገዱ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ አትደርስም ነበር አለችኝ።

በማግሥቱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ሊጠይቀን መጣ።

«አየህ፣ ጉብኝቱ ቢቀርም መንገዱ ለሕዝብ ጠቀመ» አለኝ።

በቡጢ ልለው ነበር። ግን ትክክል ስለነበረ አመሰገንኩት።

እሱ እንደወጣ ሚስቴ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋችና፣ «ለሁለተኛው ልጃችን የማይቀር እንግዳ ፈልግ» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።