ለድምፅ መልእክት የሚሰጥ መልስ

ሥራ የጀመርኩት ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባለ የመጋረጃ ሱቅ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት የሱቁ ባለቤት ጋሽ ከድር ከጥቅል ጨርቁ ጀርባ አንድ በርጩማ አስቀመጡልኝ፤ ቻርጀር ላይ የተሰካ ስልክ አቀበሉኝና፣ "አዜብ፣ ይኼ ሲንጫጫ ዝም ታሰኚዋለሽ" አሉኝ። ሥልጠናው ይኸው ነበር።

ስልኩ ዝም የሚል ዓይነት አልነበረም። የሱቁ የኢንተርኔት ገጽ ላይ የመጋረጃ ፎቶ በተለቀቀ ቁጥር ኢንቦክሱ ይሞላል፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ስንት ነው? ዋጋውን ለምን ፎቶው ሥር እንደማንጽፈው ጋሽ ከድርን ጠየቅኳቸው። "ጎረቤቴ ሥራው የኔን ገጽ ማየት ነው፤ እንዴት ብዬ ላቅልለት?" አሉኝ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚሉት ነገር የከተማችን ነጋዴ ሁሉ ሕግ ነው። ገዢውን ያበሳጫል፤ እኔ ግን እንጀራዬን ያገኘሁት ከዚያ ሕግ ስለሆነ አላማውም።

የሥራ መደቤ "መልስ ሰጪ" ይባል ነበር። ያንኑ ዋጋ፣ ያንኑ አድራሻ፣ ያንኑ "አዎ፣ እንሰቅላለን" ቀኑን ሙሉ በአውራ ጣቴ ስጽፍ እውልና ቤት ስገባ ጣቴ ሽንኩርት መክተፍ እንቢ ይለኛል። ባለቤቴ መጋረጃ እየሰቀልኩ የምውል ይመስለው ነበር።

መጀመሪያ የተማርኩት ዝግጁ መልስ ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ ቦት የሚሉትን፣ በራሱ የሚመልስ ፕሮግራም ማዘጋጀት ተማርኩ፤ ደንበኛው "ስንት" ብሎ ሲጽፍ ቦቱ ቃሉን ያያል፣ ዋጋውን ይልካል። ችግሩ የእኛ ሰው "ስንት" የሚላትን ቃል እንደ ስሜቱ መጻፉ ነው። አንዱ በፊደላችን ይጽፋታል፤ አንዱ በላቲን ፊደል፤ ሌላው ሆሄያቱን ውጦ ግማሿን ይልካል፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ ልኮ መልስ የሚጠብቅም አለ። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ለቦቱ አስተማርኩት።

ቦቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻው ሲመልስ ጋሽ ከድር አጠገቤ ቆመው ነበር።

"ማን ነው የመለሰው?" አሉኝ።

"ማሽኑ ነው፣ ጋሼ።"

"ደመወዝ ይፈልጋል?"

"እሱ አይፈልግም። እኔ እፈልጋለሁ።"

ሳቁና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። ከዚያ በኋላ ለሚያውቁት ነጋዴ ሁሉ ስለ እኔ አወሩ። ሱቃቸውን ለቅቄ በራሴ መሥራት ስጀምርም ከመጀመሪያ ደንበኞቼ አብዛኞቹ "ጋሽ ከድር ናቸው የላኩኝ" የሚሉ ነበሩ። ዕድሜ ይስጣቸው እላለሁ፤ ሠራተኛ ሲለቅባቸው እንዲህ የሚያደርጉ ብዙ አይደሉም።

ብስራተ ገብርኤል ላለ ፀጉር ቤት የቀጠሮ ቦት ሠራሁ። የቀጠሮ መያዣው ሰዓት የሚቆጥረው እንደ ፈረንጅ ነበር። "ሦስት ሰዓት" ያለችውን ደንበኛ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መዘገባት፤ እሷ ደግሞ ሠርግ ነበረባትና በጠዋት ሦስት ሰዓት ከች አለች። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ቁርሷን ትታ ሠራቻት፤ እኔንም "ሙሽራ ሳትሆን ሚዜ በመሆኗ ተመስገን በይ" ብላ ለቀቀችኝ። አሁን ለማንም ስሠራ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው ሰዓቱን ነው።

ከሐመልማል ጋር የተዋወቅኩት በዚያው ፀጉር ቤት በኩል ነው። እህቷ ሰናይት ፀጉሯን ልትሠራ መጥታ የእኔን ሥራ ሰማችና፣ "እባክሽ አንድ ቀን ቤታችን ነይ" አለችኝ።

ቤታቸው መካኒሳ ነው። ሐመልማል የክርስትና ልብስ ትሰፋለች፤ ከተወለደች ጀምሮ መስማት የተሳናት ናት። ክፍሉ አንድ ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከክንዴ የማይረዝሙ ጥለት ያላቸው ነጫጭ ቀሚሶች። ቀሚሶቹን ሳይ ሦስተኛ ልጅ አማረኝ፤ ባለቤቴ ይህን እንዳያነብ ነው።

ሰናይት ጉዳዩን ነገረችኝ። ደንበኛ የሚመጣላቸው በኢንተርኔት ገጻቸው ነው። የእኛ ሰው ግን ቀብድ ከመላኩ በፊት የሰው ድምፅ መስማት ይፈልጋል። ይደውላል፤ ካልተነሣለት ድምፁን ቀርጾ ይልካል፤ ለዚያም መልስ ካጣ ፎቶው ሥር "ሌቦች ናቸው፣ እንዳትሸወዱ" ብሎ ይጽፋል። እስከዚያ ድረስ ስልክ የምታነሣውም፣ ድምፅ የምታዳምጠውም ሰናይት ነበረች። አሁን ልታገባ ነው፤ እጮኛዋ የሚሠራው ሐዋሳ ነው።

"እኔ ስሄድ ማን ይስማላት?" አለችኝ። "ሱቁን ዘግቼ ፋብሪካ እመለሳለሁ ትላለች። እንደዚያ ከሆነ እኔም ሠርጉን ባስተላልፈው ይሻለኛል።"

ሐመልማል የእህቷን ከንፈር ስታይ ቆይታ ስልኳን አነሣች፤ ጽፋ አሳየችኝ። "ፋብሪካ ስሠራ እጅጌ ብቻ ነበር የምሰፋው። ሙሉ ልብስ የሰፋሁት እዚህ ነው።"

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ልታጣው የፈራችው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ሰናይትም ሠርጓን ልታስተላልፍ የተነሣችው ለዚሁ ነው።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ ቁጭ ብዬ የድሮ መልእክቶቹን አነበብኩ። አንድም መልስ ከመጻፌ በፊት ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ማየት አለብኝ። የጽሑፉ ጥያቄ አላስቸገረኝም። "ለወንድ" እና "ለሴት" የሚሉ፣ ደንበኛው የሚጫናቸው በተኖች አደረግኩ፤ ቦቱ ቀጥሎ ቁመቱን፣ የጥለቱን ቀለም፣ በመጨረሻም የክርስትናውን ቀን ይጠይቃል። የወንድ በአርባ፣ የሴት በሰማንያ ቀን ነውና ቀኑ አይገፋም፤ ልብሱ ካልደረሰ ካህኑ አይጠብቁም።

የድምፁ ነገር ግን ያዘኝ። መጀመሪያ ድምፅ ለሚልክ ሰው ሁሉ ቦቱ "እባክዎ በጽሑፍ ይላኩልን" እንዲል አደረግኩ። አንዲት ሴት "እጄ ሊጥ ነው፤ ድምፄ ምን በደለሽ?" ብላ በድምፅ መለሰችና በዚያው ቀረች። ሌሎቹ ያንኑም አላሉ፤ መልሱን አነሣሁት።

ሁለተኛ፣ "የሱቁ ባለቤት መስማት የተሳናት ናት" ብለን እንጻፍ አልኩ። ሐመልማል ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሰናይት ምክንያቱን ነገረችኝ፤ ከዚህ በፊት እንደዚያ ጽፈው ያውቃሉ። ከንፈር የሚመጠው፣ "አይዞሽ" የሚላት በዛ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የቀሚሱን ዋጋ ልካ "ልብሱ ይቅርብኝ፣ ለበረከት ነው" አለች። ሐመልማል ገንዘቡን መለሰችላት፤ ጽሑፉንም ያን ቀን አጠፋችው።

"ልብስ ነው የምሸጠው" ብላ ጻፈችልኝ።

ሦስተኛውን ያመጣችው ሰናይት ናት። የእኔን ድምፅ ቀርጸን "ሰላም፣ ሐመልማል ነኝ" እያለ ለሁሉ ይላክ አለች። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ አላስከፋኝም፤ ድምፅሽ ለሬዲዮ ይሆናል የሚሉኝ አሉ። ሐመልማል እህቷ በምልክት ቋንቋ ያስረዳቻትን ጨርሳ አየችና ወደ እኔ ዞረች። "ልብስ ሊወስዱ ሲመጡ የት ትደበቂያለሽ?" ብላ ጻፈች። ሦስተኛውም በዚሁ ወደቀ።

የሠርጉ ሳምንት ደረሰ። ሰናይት በሽር ጉድ ስትሯሯጥ ስልኩን የሚያዳምጥ ጠፋ። ሐሙስ ዕለት እኔ በተኖቹን እየሞከርኩ ሳለሁ አንድ ሰው እያወራ ገባ። አቶ ታደሰ ይባላል፤ ቀሚስ አዝዞ ነበር፤ የሴት ልጁ ክርስትና እሑድ ነው።

"እህቴ፣ ድምፅ ብልክ ብልክ መልስ የለም። ከተማ አቋርጬ መጣሁ" አለ።

ሐመልማል ጀርባዋን ሰጥታ እየሰፋች ነበር። መኪናዋን አላቆመችም።

"ጭራሽ ፊቷንም አታዞርም?" አለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

"አትሰማም" አልኩት።

ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ በሩ አፈገፈገ። ሐመልማል የበሩን ብርሃን እንደከለለባት አውቃ ዞረች፤ የሰውየውን ፊት አየች፣ የእኔን አየች፣ የሆነውን ተረዳችው። አቶ ታደሰ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን የከንፈር መምጠጥ አውቀዋለሁ ብዬ እኔ ቀድሜ አፈርኩ። ሐመልማልም የጠበቀችው ያንኑ ነው፤ ፊቷ ሲጠነክር አየሁት። ስልኳን አንሥታ ጻፈችና ሰጠችው።

አጠገቧ ስለነበርኩ አነበብኩት። "አለመስማቴን ቀድመህ ብታውቅ ምን ታደርግ ነበር?" ይላል።

አቶ ታደሰ ሁለቴ አነበበው። የተንኮል ጥያቄ መስሎት ነው መሰለኝ ወደ እኔ ዞር አለ፤ እኔም ወደ ስልኩ ጠቆምኩት። ከዚያ በስልኳ ላይ ቀስ እያለ ጻፈላት።

"እጽፍልሽ ነበራ። ልጅቷ ወፍራለች፣ ደረቱን አስፊው።"

ሐመልማል ሳቀች። ስትስቅ ድምፅ እንዳላት ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነው። ቀሚሱን ከግድግዳው አወረደች፣ ጎኑን ተረተረች፣ ከዚያው ጨርቅ ቀጠለችበት። አቶ ታደሰ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ቀሚሱን ሲወስድ ከተነጋገሩበት ዋጋ አንድም ሳንቲም አልጨመረም፤ ለዚህም ወደድኩት።

እንደወጣ ጻፈችልኝ። "ቦቱ ስለ እኔ አያውራ። እኔ ላውራ።"

ስልኬን ክር ማጠንጠኛ ላይ አስደግፌ ቪዲዮ ቀረጽኳት። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳደረገች መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና በእጇ ተናገረች። ከሥር የሚነበበውን ራሷ ጻፈችው። "ሰላም። ሐመልማል ነኝ። ድምፅ አልሰማም፤ ጽሑፍ ግን ወዲያው አነብባለሁ። የልጁን ቁመት ይጻፉልኝ።" እኔ "እባክዎ" ጨመርኩበት፤ አጠፋችው። ራሱ የሚላክ መልስ አጭር ጽሑፍ መሆን አለበት፣ ቪዲዮ አይበዛም ወይ ብዬም ጠየቅኳት። "ሰው ከማን እንደሚገዛ ማየት ይፈልጋል" ብላ ጻፈች። እሷ ያለችውን አደረግኩ። ድምፅ ሲመጣ፣ ወይም በገጹ ተደውሎ ሳይነሣ ሲቀር፣ ያ ቪዲዮ እንዲሄድ አድርጌ ጫንኩት።

ሰናይት ተዳረች። ሐዋሳ በሄደች ማግስት ሐመልማል ጋ ሄድኩ፤ ቦቱን ለማየት ነው አልኳት፣ እውነቱ ግን ብቻዋን እንዳትሆን ነው። አንድ የድምፅ መልእክት መጣ። ለማዳመጥ እጄን ስዘረጋ እጄን ያዘችኝ። ቪዲዮው ሄደ። ሁለታችንም ስልኩ ላይ አፈጠጥን። ጥቂት ቆይቶ ደንበኛዋ እየጻፈች መሆኑን ስልኩ አሳየን።

"ለወንድ ነው። ቁመቱን ልለካው፣ ጠብቂኝ" ይላል።

"አይዞሽ" የለም፣ "ምስኪን" የለም። ሐመልማል ያንን ገጽ ፎቶ አንሥታ ለእህቷ ላከችላት። ሰናይት ወዲያው በቪዲዮ ደወለች። ሁለቱ በእጃቸው ሲያወሩ አንዱም አልገባኝም፤ ግን አለቀስኩ፣ አላፈርኩበትም። ሐመልማል እየሳቀች ከቁርጥራጭ ጨርቁ አንዱን ወረወረችልኝና ዓይኔን ጠረግኩበት።

ብዙ ባለሱቅ አመስግኖኛል። እኔ የማመሰግናት ግን እሷን ነው፤ ሥራዬን ያወቅኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ስለሆነ።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ቦቱ መልስ ያፈጥናል፤ መልሱን አያውቀውም። ባለሱቁን ጠይቁት፣ እሱ ያለውን ጻፉ፣ ከዚያ ጫኑ።