ከፈረንሳይ መጣ የተባለው ቡፌ

እኔ ቂም የምረሳ ሰው አይደለሁም። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ «ምን ዓይነቷ ክፉ ሴት ናት» እንዳትሉ ነው። በሉም ደግሞ፣ ደንታዬ አይደለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ የተወጋሁት በእናቴ በኩል ነው።

ሥራዬ አዲስ ዕቃ ማስረጀት ነው። አትሳቁ፣ ልጆቼን ያሳደግሁበት ሙያ ነው። አናጺው አለቃዬ አዲስ ጠረጴዛ ሠርቶ ያስረክበኛል። እኔ በሰንሰለት እገርፈዋለሁ፣ በቀጭን ሚስማር እየወጋሁ ነቀዝ የበላው አስመስለዋለሁ፤ ጠርዝ ጠርዙን ሻማ አሽቼ ነጣ ያለ ቀለም እቀባና በብርጭቆ ወረቀት እፈትገዋለሁ። ሻማ የነካው ቦታ ቀለሙን አይዝም፣ ይላጣል። በሦስተኛው ቀን ትናንት የተወለደው ጠረጴዛ የመቶ ዓመት አሮጊት ሆኖ ይወጣል። ስሙ «የፈረንሳይ ገጠር» ነው። የከተማው ባለ ቪላ በሙሉ በዚህ አብዷል። አለቃዬ «እኛ ከጭቃ ቤት ለመውጣት ስንት ዘመን ፈጀን፤ እነሱ ተሽቀዳድመው ይገቡበታል» እያለ ይስቃል።

የወንድሜ ሚስትም አበደች። እኔ ማዳም ነው የምላት፤ በፊቷም በሌለችበትም። ሙሽራ ሆና ወደ አባታችን ቤት የገባች ቀን ዕቃችንን በዓይኗ ዞር ዞር ብላ አየችና «ገጠሬ ናችሁ እንዴ?» ያለችን እሷ ናት። ይኸው ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ዓይኗን በጨው ታጥባ ገጠሬ ልሁን አለች። ግድግዳውን ኖራ አስቀባች። ጣሪያው ላይ ምንም የማይሸከም ወራጅ አስመታች። አንድ ቀን እንኳ እሳት ያላየ የመዳብ ድስት ሰቀለች፤ የአውራ ዶሮ ሥዕል፣ የደረቀ የላቬንደር አበባ፣ ባለ ካሬ መጋረጃ፣ ምኑ ቅጡ። ይሁን፣ ቤቷ ነው፣ ታስጊጠው። እኔ ምን አገባኝ?

ግን የእማዬን ቡፌ ነካች።

ቡፌውን አባቴ ነው የሠራው፣ በተጋቡ በዓመቱ። የእማዬ ዓይን እየፈዘዘ ከመጣ ወዲህ ቡፌው ዕቃ ብቻ አልነበረም፣ መንገዷ ነበር። ከመኝታ ቤት ወጥታ በግራ እጇ ጠርዙን ትይዛለች፤ ጠርዙ ሲያልቅ አራት እርምጃ ሄዳ በሩን ታገኛለች። ማንንም «ምሩኝ» ሳትል ውላ ታመሻለች። ማዳም «ከስታይሉ ጋር አይሄድም» ብላ ለቁራሌው ሰጠችው። እማዬ በማግስቱ እጇን ዘርግታ ባዶ አየር ጨበጠች፤ ተንደርድራም የማዳም ትልቅ ማሰሮ ላይ ወደቀች። ማሰሮው ተሰበረ። ቀኝ እጇም ተሰበረ። ማዳም ያለቀሰችው ለየትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቀው። በሳምንቱ «ለእርስዎ ደኅንነት ነው እማማ» ብለው ጓሮ ካለችው ጠባብ ክፍል አስገቧት። አርባ ሦስት ዓመት የኖረችበትን ሳሎን በእንግድነት እንኳ አትረግጠውም።

ወንድሜ ዘንድ ደወልኩ። «ተይ እንግዲህ፣ ነገር አታክርሪ» አለኝ።

ነገር ማክረር ምን እንደሆነ አሳየዋለሁ አልኩ በሆዴ።

ቁራሌውን ሦስት ቀን አሳድጄ ያዝኩት። ቡፌው ገና አልተፈለጠም። አስጭኜ ወርክሾፑ ጥግ አቆምኩት። ሐሳቤ የእማዬን ጠባብ ክፍል አስተካክዬ እዚያው ላስገባላት ነበር። እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጥሩ ልጅ ነበርኩ።

ምን ያደርጋል፣ በዚያው ሰሞን አንድ የቤት አስጌጭ ወደ ወርክሾፑ መጣ። በሽቶ የታጠበ፣ ሱሪው የተጣበቀበት ጎልማሳ ነው። ስልኩን አወጣና «እህቴ፣ እዚህ ግድግዳ ላይ የሚቆም አሮጌ የፈረንሳይ ቡፌ እፈልጋለሁ። ደንበኛዬ እውነተኛ አሮጌ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች» አለኝ። ፎቶውን ሳየው የኛ ሳሎን! ያው ግድግዳ! ቡፌው የተነሣበት ምልክት እንኳ ወለሉ ላይ አልጠፋም። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሰውየው እብድ መስዬው ወደ በሩ ፈቀቅ አለ።

«አለኝ» አልኩት። «በአሥር ቀን ውሰድ።»

ሐሳቤን አትጠይቁኝ፣ ግልጽ ነው። ማዳም ገፍታ ያስወጣችውን ቡፌ በክብር ታስገባዋለች፤ ጓደኞቿን ሰብስባ ትኩራራበታለች፤ ያኔ እማዬን ይዤ እገባለሁ፣ እማዬ እጇን ታሳርፍበታለች፣ «ይሄማ የኔ ነው!» ትላለች። ሰው ሁሉ ይሰማል። ወንድሜ አፍሮ እናቱን ወደ ቤቷ ይመልሳል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ግን ያን አሥር ቀን እንደዚያ እየጸለይኩ ነው የሠራሁት።

ጥርሴን ነክሼ ነው የሠራሁት ብትሉ ይሻላል። ማዳም እንዳታውቀው ነው ፍርሃቴ። የአባቴን ጥቁር ቫርኒሽ እስከ እንጨቱ ድረስ ላጥሁት። የእማዬ እጅ ስንት ዓመት ሲመላለስበት ጠርዙ ላይ ስርጉድ ያለ ቦታ ነበር፤ በስቱኮ ሞላሁትና አስተካክዬ ላግሁት። እግሮቹን ቆርጬ ጠመም ባሉ እግሮች ተካሁ። ከበሮቹ ጣውላውን አውጥቼ የዶሮ ሽቦ ወጠርኩ፤ አዎ፣ የዶሮ ሽቦ፣ ፈረንሳዮቹ እንዲህ ነው የሚወዱት አሉ። ከዚያ በሰንሰለት ገረፍኩት። እያንዳንዷን ምት «እንኪ ማዳም!» እያልኩ ነው ያሳረፍኩት። አለቃዬ «ምን አደረገሽ ይሄ እንጨት?» አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ሳልነካ ተውኩ፣ የመሳቢያውን ሥር። አባቴ ጣውላ አልቆበት ከሻይ ሣጥን ቆርጦ የመታው ነው፤ የፋብሪካው ፊደል እስከ ዛሬ አለበት። ወንድሜ ፊደል የለየው መሳቢያውን ገልብጦ እሱን እያነበበ ነው። ምስክሬ ይሁን ብዬ አስቀመጥኩት።

አስጌጩ ቡፌውን ወስዶ አስገባላት፤ ማዳም ለጓደኞቿ የደገሰችው ግብዣ እሑድ ከሰዓት ነበር። ደህና ልብሴን ለብሼ በጓሮ በር ገባሁ፣ እማዬን አለባብሼ ክንዷን ይዤ ሳሎን አስገባኋት። ማዳም በሳቅ ውስጥ ጥርሷን አፋጨች። «እማማ፣ ምን አደከመዎት? እዚያው አመጣልዎት ነበር እኮ!»

«ትንሽ ሰው ልስማ ብዬ ነው ልጄ» አለች እማዬ፣ የዋሂቱ።

አሥር አሥራ ሁለት ሴቶች ቡፌውን ከበው ቆመዋል፤ ወንድሜና የቤት አስጌጩም አሉ። ማዳም ወሬዋን ቀጠለች። ከአንድ የፈረንሳይ እርሻ ቤት ነው የመጣው፤ የገበሬ ሚስት ዕድሜዋን ሙሉ ተጠቅማበታለች። «እዩት እስቲ፣ እጇ የነካው ቦታ እንዴት እንደተላጠ! ይሄ በገንዘብ አይሠራም!» እያለች ባለፈው ማክሰኞ በብርጭቆ ወረቀት የፈተግሁትን ትደባብሳለች። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፤ ለዚያች ገበሬ አዝና መሰለኝ። ሳቄን እንዴት እንደዋጥሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

«እማዬ፣ ነይ አንቺም ንኪው» አልኩና ወሰድኳት።

ግራ እጇን ዘረጋች። ዳሰሰችው፣ ጠርዙን፣ ሽቦውን፣ የሚስማር ቀዳዳዎቼን። «ደግ ነው፣ ያምራል» አለች በጨዋ ሰው ወግ። «የማን ነው ልጄ?»

«እማዬ፣ ደህና አድርገሽ ያዢው እንጂ! እዚህ ጋ!» እጇን ወስጄ ያ ስርጉድ ከነበረበት አሳረፍኩት።

«ምንም የለም እኮ እዚህ» አለች።

ክው አልኩ። ግን ነገሬን ጀምሬያለሁ፣ ወዴት እመለሳለሁ? መሳቢያውን ምዝዝ አድርጌ የማዳምን ባለ ካሬ ናፕኪኖች ወለሉ ላይ ዘረገፍኩና ገልብጬ ለወንድሜ ሰጠሁት። «በል አንብብልን ጎበዝ ተማሪ!»

ፊደሉን አየ። መልኩ ተለወጠ። «ይሄ… የአባባ ነው። የኛ ቡፌ ነው።»

«ለቁራሌው የሰጠሽው ነው ማዳም!» አልኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ። «እናቴን ከነቡፌዋ አውጥተሽ ጣልሽ፤ ቡፌውን ግን ተለማምጠሽ አስገባሽው! እናቴስ? እሷንም ከፈረንሳይ ላስመጣልሽ?»

አንዷ እንግዳ ከት ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹ ተከተሉ። ማዳም ቀላች፣ ጠቆረች፣ የምትቆምበት ጠፋት። እሰይ! አልዋሻችሁም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያን ፊት ለማየት ሌላ አሥር ቀን ሥሪ ብትሉኝ እሠራ ነበር።

እማዬ ግን አልሳቀችም። ሳቁ ሲበርድ እጇ አሁንም ቡፌው ላይ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደች፣ እየተመለሰች፣ አንድ ነገር እንደጠፋባት ሰው ትፈልጋለች።

«የአባታችሁ ነው?» አለች።

«አዎ እማዬ፣ ያንቺ ነው» አላት ወንድሜ።

«ታዲያ ማን ነው እንዲህ የላጠው?»

ማዳም እንባ በሞላው ዓይኗ አየችኝ። ወንድሜም አየኝ። የቤት አስጌጩም ከነሽቶው አየኝ።

«እኔ ነኝ እማዬ» አልኩ።

እጇን ከቡፌው አነሣች። ክንዴን ሰጠኋት፤ አልያዘችውም። ወንድሜን በስሙ ጠራችና «ወደ ክፍሌ አድርሰኝ» አለችው።