በሁዳዴ የተቀዱ ሦስት ካሴቶች

ነገሩ የሆነው በ1990 ዓ.ም. በሁዳዴ ነው፤ በጋው ጠንቶ፣ እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ፣ የወገዳ ዙሪያ ሜዳ ሁሉ ገለባ መስሎ ሳለ። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከሃያ ዓመት በላይ ለማንም ሳልናገረው ኖሬ አሁን እንድጽፈው ያደረገኝ የልጄ ስልክ ነው። ከኮሌጅ ለዕረፍት መጥታ፣ ምስር ስለቅም አጠገቤ ተቀመጠችና የጆሮ ማዳመጫውን አንዱን ፍሬ በራሷ ጆሮ፣ ሌላውን በእኔ ጆሮ ሰካችው። ዘፈኖቹን በየዓይነታቸው ለይታ አስቀምጣለች፤ መጽሐፍ ስታነብ የምትሰማው ለብቻ፣ ወጥ ስትሠራ የምትሰማው ለብቻ፣ የፍቅሩ ለብቻ። «ፕሌይሊስት ይባላል እማዬ፤ የእኛ ዘመን ነገር ነው» አለችኝ። ምስሩን ትቼ አየኋት። እሷ ሳትወለድ ገና አንዲት ልጅ ይህንኑ በእርሳስ ጽፋው ነበር።

ያቺ ልጅ እኅቴ የሺወርቅ ናት፤ እኔ እታበባ ነበር የምላት። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። ትምህርት ቤት ሳለች ከሻይ ቤቱ ግድግዳ ሥር ቆማ የሰማችውን ዘፈን በሒሳብ ደብተሯ የኋላ ገጾች ላይ ትጽፍ ነበር፤ የምትጽፈውም እንደ ሌሎቹ ልጆች ግጥሙን ብቻ ሳይሆን ዘፈኑ ለምን እንደሚሆን ጭምር ነው። ሦስት አርእስት ነበራት። በመጀመሪያው ሥር፣ «ለመጽሐፍ» በሚለው፣ ከትምህርት ቤት ተውሳ ለእኔ ጮክ ብላ ታነብልኝ ከነበረ አንድ ልብ ወለድ ውስጥ ላሉት ሰዎች ለእያንዳንዳቸው ዘፈን መርጣላቸዋለች። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጾች ተቀድደው ጠፍተው ስለነበር ልጅቱ ከወንዙ ማዶ ትሻገር አትሻገር አናውቅም ነበር፤ እታበባ ግን በጎደሉት ገጾች ፈንታ ሁለት ዘፈን አስገብታ አሻግራታለች። በሁለተኛው ሥር፣ «ለማዕድ» በሚለው፣ «መጀመሪያ የሚያስርብ፣ ቀጥሎ የሚያቁላላ፣ መጨረሻ የሚያጠግብ» ብላ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጽፋለች። ሦስተኛው «ለፍቅር» ይላል፤ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ለአንድ የመካነ ኢየሱስ ከተማ ነጋዴ ስለተዳረች ገጹ እንደዚያው ቀረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ፣ በበቅሎ ተጭና ተመለሰችልን። ሦስት ቀን አምጣ የወለደችው ወንድ ልጅ ሳያለቅስ ወጥቶ ነበር። ባሏ እስክትድን ብሎ ነው የላካት፤ ከልብሷ ሳጥን ጋር የገዛላትን ባለሬዲዮ ቴፕና ሦስት ካሴት አብሮ ጭኖላታል። እሱ ግን አልመጣም። ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል ሲባል የካቲት ገባ፣ ጾሙም ያዘ።

እታበባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ከሰውነቷ የማይበርድ ትኩሳት ነበረባት፤ ከእሱ ይልቅ እናቴን ያስጨነቃት ግን አለመብላቷ ነው። የንስሐ አባታችን መጥተው ለታመመ ወተት ተፈቅዷል፣ ጠጪ ቢሏት «እኔ ነኝ ወይ የሚፈቀድልኝ?» ብላ ጽዋውን በእጇ ጀርባ ገፋችው። እናቴ ለዘጠኝ ሰዓት የምታቀርበውን እንጀራ እንደቀረበ ማታ ታነሣዋለች፤ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ ፊቷን እንዳናይ አንገቷን ትሰብር ነበር። በየቀኑ የእታበባን ክንድ በጣቶቼ እለካው ነበር፤ አውራ ጣቴና መካከለኛው ጣቴ የተገናኙ ዕለት ከበረት ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ። እንደምትሞት ያን ቀን ገባኝ። ማንም አልነገረኝም።

ደብተሯን ያገኘሁት ከልብሷ ሳጥን ሥር ነው። የልጅ ሐሳብ ሆኖ፣ ጽፋው ያልደረሰችበትን ነገር ሠርቼ ባሰማት ትነሣለች አልሁ። ለታመመ ወተት ከተፈቀደ ዘፈንስ የማይፈቀድበት ምን ምክንያት አለ ብዬ ለራሴ የንስሐ አባት ሆንሁ። አባቴ ግን መሪጌታ ናቸው፤ ድጓውን በዜማ ትምህርቷ በታወቀችው በቤተ ልሔም ደብር ተምረው የመጡ፣ በሁዳዴ እንኳን ዘፈን የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮና ጸናጽል ራሱ የሚሰቀልባቸው ሰው። ስለዚህ ቴፑን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ጭድ ክምሩ ወሰድሁት። በባሏ ካሴቶች ላይ እንዳይቀዳ የተሰበሩትን ቀዳዳዎች በላመጥሁት ወረቀት ደፈንሁ፣ የደከመውን የባትሪ ድንጋይ ቀን ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ ከሬዲዮኑም ለመጽሐፉ ሰዎች የሚሆን ዘፈን እየጠበቅሁ አንድ በአንድ ቀዳሁ። አምስት ቀን ፈጀብኝ። ልጅቱ ወንዙን ስትሻገር ከሚገባው ዘፈን መካከል የዜና ሰዓት ገብቶበት ነበር።

ጆሮዋ ሥር አድርጌ ባሰማት አልዞረችም። ካሴቱ ሲያልቅ ብቻ «አልተሻገረችም» አለች። ከዚያም ነጠላዋን ወደ ላይ ሳበች።

ተስፋ ቆረጥሁ፤ ግን እንዴት ቁጭ ይባላል? ሁለተኛውን ጀመርሁ። ስለ እህልና ስለ ማዕድ የሚዘፈነውን በሬዲዮ ማግኘት ስላልቻልሁ ወደ ሴቶቹ ሄድሁ። የመጀመሪያዋ ጎረቤታችን እማማ ይታይሽ ነበሩ፤ ለሠርግ ለዓውደ ዓመት ያለ እሳቸው ድምፅ የማይሆን፣ ቀልደኛ ሴት።

«በሁዳዴ ዝፈኚ ትይኛለሽ? የመሪጌታ ልጅ አይደለሽም እንዴ አንቺ?»

«እታበባ እህል አልቀምስ ብላ ነው እማማ።»

ፊታቸው ተለወጠ። «ዘፈንስ አልዘፍንም፤ ልፍጭ ካልሁ ግን አፌን ማን ይይዘዋል? የወፍጮ እንጉርጉሮ ዘፈን ተብሎ አያውቅም። የሚፈጭ ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

በአገራችን እውነትም እንዲህ ነበር፤ ድንጋዩ ላይ ያጎነበሰች ሴት የምትለው ከእህሉ ጋር ወርዶ ይፈጫል እንጂ እንደ ዘፈን አይቆጠርባትም። እናቴን ሳላስፈቅድ ከጎተራችን ገብስ ቀድቼ፣ ለበሶ ቆልቼና ሸክሽኬ፣ ወሰድሁላቸው። እማማ ይታይሽ ተንበርክከው መጁን ያዙ፣ ቴፑንም በጥርጣሬ አይተው «አንተ፣ ለመሪጌታ ትናገርና ውርድ ከራሴ!» አሉት። ይህም ተቀድቷል። ከዚያ ድንጋዩ መንጎድጎድ ጀመረ፣ የተቆላው ገብስ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ እሳቸውም እዚያው ያወጡትን አንጎራጎሩ፦

ፍጭልኝ መጄ ሆይ ይህን ገብሷን፣
ቀምሳ ትመልሰው የሄደ ነፍሷን።

አራት ቤት ዞርሁ። አራቱም ሴቶች ያለ እህል አፋቸውን አልከፍት አሉ፤ ምክንያታቸው ያው ነበር። በደብተሩ ትእዛዝ መጀመሪያ የሚያስርበውን፣ መጨረሻ የሚያጠግበውን በቅደም ተከተል አስቀዳሁ። ካሴቱ ሲሞላ የአራት ቤት ዱቄት በአንድ ቁና ይዤ ተመለስሁ። ዶሮም ጮኾበታል፤ አንዷ ሴት በመካከል ልጇን ትራገማለች፤ ሳል አለበት። ከዚያ በኋላ ብዙ የተጣራ ሙዚቃ ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ የሚያስርብ ግን አልሰማሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሶውን በጨው ውኃ አሽቼ ጭብጦ አደረግሁት፣ ቴፑንም ከራስጌዋ ከፈትሁ። እታበባ የእማማ ይታይሽን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። ማስጠንቀቂያቸው ጋ ሲደርስ ከጉሮሮዋ አንድ ነገር ወጣ፤ ሳቅ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ድንጋዩ መንጎድጎድ ሲጀምር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ጭብጦውን ቆርሼ መዳፏ ላይ አስቀመጥሁላት፤ ወደ ግድግዳው እንደዞረች ወደ አፏ ወሰደችው።

ይህን ጊዜ ነው አባቴ ከቅዳሴ ተመልሰው መቋሚያቸውን እንደያዙ ከበሩ የቆሙት።

«የማን ድምፅ ነው ይህ?»

«የእማማ ይታይሽ ነው አባባ።»

«በሁዳዴ?»

«እየፈጩ ነው» አልሁ።

አባቴ ቴፑን አላዩም፤ የሚያዩት የእታበባን መንጋጋ ነበር፣ ቀስ እያለ ሲያላምጥ።  «እየፈጩ ከሆነስ ይሁን» አሉና እንደመጡ ያለ ኮቴ ወጡ። እናቴን ከጓሮ ሲጠሯት ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት በላች። ትኩሳቱ ግን አልሄደም፤ እኔ እንዳልሄደ ማወቅ አልፈለግሁም። ሦስተኛው ካሴት ብቻ ቀረኝ ብዬ እፎክር ጀመር። ለፍቅር የሚሆነው ግን ምንድን ነው? ደብተሩ ባዶ ነው፣ እኔም አላውቅም። አንድ ቀን ከሬዲዮኑ የሚመጣ ካለ ብዬ ካሴቱን ከትቼ፣ ሬዲዮኑን ገና ሳልከፍት ሁለቱን ቁልፎች እያሳየኋት፣ «ይህንና ይህን አንድ ላይ ስትጫኚ ይቀዳል» ስላት አባቴ ድንገት ገቡ። ደንግጬ ቴፑን እንደተጫነ ትቼው ወጣሁ።

የተነጋገሩትን የሰማሁት ከካሴቱ ነው።

«አባባ፣ ስም ያልወጣለትን ልጅ እግዚአብሔር ምን ብሎ ይጠራዋል?» ትላለች እታበባ።  የአልጋው ጠፍር ሲንቋቋ ይሰማል፤ አባቴ መቀመጣቸው ነው። «ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ነው የቀበሩት። እኔ እንኳ አላየሁትም። የት ነው ያለ?»

ያንን ሁሉ መጻሕፍት የሚያውቁት፣ ተማሪ ሲሳሳት ከሩቅ ሰምተው የሚያርሙት አባቴ፣ «አላውቅም ልጄ» አሉ። ይህን ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አላውቅም። እሱ ያውቃል። እኔ የማውቀው አንቺን ነው፤ ዛሬ ገና እንዳልበላሽ ነው የማውቅ። በይ፣ ከእጄ ጉረሺ።» ከዚያ የእሷ ለቅሶ ይመጣል፣ ከዚያ የእሳቸው፤ የባትሪ ድንጋዩ እየደከመ ሄዶ ሁለቱም ድምፅ ወፍሮ፣ ቀርፍፎ ይጠፋል። ሦስተኛው ካሴት ይኸው ነው። ሌላ አልቀዳሁበትም።

እታበባ ያረፈችው ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ ጠዋት ነው። በዚያው ቀን ተቀበረች። ሦስት ቀን ቆይታ ሰሙነ ሕማማት ቢገባባት ኖሮ እንደ ወጉ ፍትሐት አይደረስላትም ነበር፤ ለዚህ አምላኬን አመሰግናለሁ። ለበላችባቸው ሃያ አንድ ቀናትም አመሰግናለሁ። ከዚህ ሌላ የማመሰግንበትን ብዙ ፈልጌ አላገኘሁም።

ካሴቶቹን እርጥበት በላቸው፤ ከዓመታት በኋላ ባወጣቸው ክሩ እርስ በእርሱ ተጣብቆ ነበር። እማማ ይታይሽም አባቴም የሉም። በየቤቱ የነበሩት የወፍጮ ድንጋዮች ለበር ማስደገፊያ ሆነዋል፤ የአሁኖቹ ልጆች እህል ያስፈጫሉ እንጂ አይፈጩም፣ ድካሙ ከወገባቸው ስለተነሣላቸው ደስ ይለኛል፤ ግን በጾም ቀን የተጨነቀች ሴት ምን ብላ እንደምታንጎራጉር የሚያውቅ አንድ ሰው በሰፈራችን የለም። በልጄ ስልክ ውስጥ የዘፈን መዓት አለ። ሁሉንም ብታሰማኝ እኅቴን ያስበላት የትኛው እንደሆነ ላሳያት አልችልም።

ከቀብሩ በማግስቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሏ መጣ። ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ ኖሮ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነበር፤ እንደታመመች እንጂ እንደሞተች አልሰማም፣ ድንኳኑን ሲያይ ነው ያወቀው። ከደጁ ቆመ። አጎቶቼ አዩት፣ ማንም ግባ አላለውም። እናቴ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣለች። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ስወጣ በሁለት እጁ ክንዴን ይዞ፣ «እኅቴ፣ ስለ እኔ ምን አለች? አንድ ነገር አላለችም?» አለኝ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። «ስምዎን አላነሣችም» አልሁት።

እዚያው ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ገባሁና ጎረቤት ካመጣው ማዕድ እንጀራ በሽሮ በሳህን አድርጌ፣ ውኃም ይዤ ወጣሁ። እጁን አስታጠብሁት። ዕለቱ ቅዳሜ ስለሆነ በጠዋት ይቀመሳል። «ጋሼ፣ ይብሉ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። ሳህኑን ከጉልበቱ ላይ አስቀመጥሁና ከፊቱ መሬት ላይ ተቀመጥሁ፤ እናቴ ከውስጥ ስትጠራኝ ሰማሁ፣ እስኪጎርስ ድረስ ግን አልተነሣሁም።