የይዲድያ አሥራ አንድ ጨዋታ

የእህቴ ልጅ ይዲድያ በትልቁ የቤዝቦል ሊግ የተጫወተው አሥራ አንድ ጨዋታ ነው። ስምንቱን ሲጫወት እናቱ ሞታ ነበር። እሱ አያውቅም፤ እኔ አውቃለሁ። የደበቅሁት እኔ ዘነቡ ነኝ። ከመፍረዳችሁ በፊት ግን አስጨርሱኝ።

እህቴ አይናዲስ ልጁን የወለደችው እዚሁ ኦክላንድ ነው። አባቱ ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዳላስ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ የእሱን ስም ጠርቼ አፌን አላበላሽም። አይናዲስ በባርት ባቡር ዳብሊን ድረስ እየተመላለሰች፣ በየቤቱ አሮጊቶች እያጠበችና እያበላች አሳደገችው። ልጁ ስድስት ዓመቱ ላይ ሰፈራችን ፓርክ ውስጥ ቤዝቦል ሲጫወቱ አየና ልቡ እዚያ ቀረ። እኔ ተው አልኩ። «እግር ኳስ ምን አለው? ሩጫስ ምን አለው? አገሩ በሚታወቅበት አይጫወትም?» ማን ይስማኝ!

ይዲድያ አውትፊልደር ነው። ሥራው ራቅ ብሎ ሜዳው ዳር ሣሩ ላይ መቆም፣ ተመትታ ወደ ሰማይ የወጣችውን ኳስ ሮጦ መሬት ሳትነካ መያዝ ነው። እኔ እሱን ለማናደድ «ሣር ጠባቂው» እለው ነበር። ያስተማረችው እናቱ ናት። መወርወር አትችልበትም፤ ስለዚህ ጉድዊል ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ የቴኒስ ራኬት ገዛች። ከሥራ መልስ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳታወልቅ ፓርኩ መሀል ቆማ ኳሷን ወደ ላይ ትለጋለች፣ እሱ ይሮጣል። ሲስት አትቆጣም። «ደግመህ ሩጥ» ነው የምትለው።

እሑድ ጨዋታ ሲኖረው ጸሎት ቤት ትቀራለች። የጉባኤያችን ሽማግሌ ጋሽ ማንደፍሮ አንድ ቀን «እህት አይናዲስ፣ ልጁን ጣዖት እንዳታደርጊው» ብለው መከሯት። «ጋሽዬ፣ እርስዎ ይጸልዩልኝ፣ እኔ ልጄን ልየው» አለቻቸው። ሳቁ፤ ምን ያድርጉ።

ሳን ሆዜ ኮሌጅ ተጫውቶ ጨረሰና ክለቦች በየዓመቱ አዳዲስ ልጆች ሲመርጡ ከመጨረሻዎቹ መሀል ሆኖ ለአንድ ክለብ ተመረጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ኑሮ ካላችሁት ነው። ስማቸውን ሰምቼ በማላውቃቸው ትንንሽ ከተሞች፣ ለታችኛው ሊግ ቡድኖች፣ አውቶቡስ ላይ እየተኛ፣ አንድ አፓርታማ ለአራት እየኖረ ተጫወተ። በኮቪድ ዓመት ጨዋታው ጭራሽ ሲቀር ኤመሪቪል ውስጥ ምግብ ሲያመላልስ ከረመ። በየጸደዩ «ማሚ፣ ዘንድሮ ይጠሩኛል» ይላታል። «አሜን» ትለዋለች። እንዲህ እያሉ ሃያ ሰባት ዓመት ሞላው። ለቤዝቦል ይሄ እርጅና ነው አሉ።

በዚህ መሀል የአይናዲስ ኩላሊት ደከመ። በሳምንት ሦስት ቀን ዲያሊሲስ ትገባለች። ልጁ ያውቃል፣ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚያው ስለነበረች ሁላችንም ለምደነዋል። እሱ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ስለሆነ፣ ሆስፒታል ስትገባ የሚወስንላት ሰው ብላ ወረቀቱ ላይ ያስፈረመችው እኔን ነው።

ባለፈው ዓመት በኦገስት ትኩሳት ያዛትና ሆስፒታል አስገባኋት። ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ገብቷል አሉን። በዚያው ቀን ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። «አንቲ! ጠሩኝ! ነገ በትልቁ ሊግ እጫወታለሁ!» እየጮኸ ያለቅሳል። ስልኩን ለእሷ ሰጠኋት። «ጌታ ይመስገን፣ ጌታ ይመስገን» አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። «ድምጽሽ ደከመብኝ» ሲላት «ትንሽ ትኩሳት ነው» አለችው። እስከዚህ ድረስ ውሸቱ የእሷ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው።

በማግስቱ ባሰባት። ክንዴን ያዘችና «ዜኒ፣ ይዲን ጥሪልኝ» አለችኝ። «እሺ፣ ነገ» አልኳት። ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ልጁን የጠሩት አንዱ ተጫዋች እግሩን ስለተጎዳባቸው ነው። ዛሬ ጥሎ ቢመጣ ነገ ሌላ ይጠራሉ። ስንት ዓመት ሙሉ የጠበቀውን ቦታ ለትኩሳት ብሎ ይልቀቅ? ደግሞ እኔ ሳን ሆዜ ነርሲንግ ሆም ውስጥ አሥራ ሰባት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አለቀላቸው የተባሉ ሲነሡ አይቻለሁ። እህቴም የምትነሣ መስሎኝ ነበር። በእውነት መስሎኝ ነበር።

እሱ መጫወት በጀመረ በሦስተኛው ቀን ዐይኗን ገልጣ «ኳሱ ይቅርበት፣ ይምጣልኝ» አለች። በግልጽ ነው ያለችው። አልቃዠችም። «ነገ ጠዋት በጌታ ስም እደውልለታለሁ» አልኳት። በዚያው ምሽት፣ እሱ ሦስተኛ ጨዋታውን ሲጫወት፣ እህቴ እጄ ላይ ዐረፈች። ነገ ጠዋት አልደረሰላትም።

እንግዲህ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሩቅ አገር ብቻውን ላለ ልጅ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ፣ «እናትህ ሞተች» ተብሎ ይደወላል? መርዶ የሚነገረው ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ባለበት ነው። ያደግነው በዚህ ነው። ደግሞ ክለቡ እሷ በሞተች በዐሥረኛው ቀን ሳን ፍራንሲስኮ መጥቶ ሊጫወት ነው፤ ይዲድያ ለእናቱና ለእኛ አራት ትኬት ገዝቶ ልኳል። «እስከዚያ ይቆይ» አልኩ። ጋሽ ማንደፍሮ «ቀብሩስ እህት ዘነቡ?» ሲሉኝ፣ «እናቱ ራሷ አትንገሩት ብላኛለች» አልኳቸው። ከአፌ አመለጠኝ። እሳቸውም አመኑኝ፣ ለምን አያምኑኝ? ቅዳሜ ቀበርናት።

ሁለት መቶ ሰው አፉን ዘጋ። የሳን ሆዜዋ ጓደኛችን ቲቲ ብቻ ፌስቡክ ላይ የአይናዲስን ፎቶ ከሻማ ጋር ለጠፈች። ደውዬ «አንቺ ሴትዮ፣ አሁኑኑ አጥፊ! ልጁን ልትገድይው ነው?» ብዬ ጮኽኩባት። እያለቀሰች አጠፋችው። እሱ በየቀኑ ወደ እናቱ ስልክ ይደውላል፣ የማነሳው እኔ ነኝ። ተኝታለች እለዋለሁ። ዲያሊሲስ ላይ ናት እለዋለሁ። ጉሮሮዋን አሟት ሐኪም እንዳታወሪ ብሏታል እለዋለሁ። «እሺ አንቲ፣ እንደምወዳት ንገሪያት» ይለኛል። እነግራታለሁ እለዋለሁ።

ከቀብሩ ማግስት ለቅሶ ቤቱ ሰው እንደሞላ አንዱ ቴሌቪዥኑን ከፈተው። ይዲድያ ሊመታ ቆሟል። ነጠላችንን አዘቅዝቀን የለበስን ሰዎች ፀጥ ብለን አየነው። መታት። ኳሷ በተጋጣሚዎቹ መሀል አልፋ ሄደች፣ በትልቁ ሊግ የመጀመሪያ ምቱ ነው። አንዲት እናት ሳታስበው እልል አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። ጨዋታው ሲያልቅ ጋዜጠኛዋ ማይክ ይዛ ስትመጣ እየሳቀ «ማሚ፣ ይሄ ላንቺ ነው፤ ቶሎ ዳኚ» አለ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ፎጣ ነከስኩ።

በዐሥረኛው ቀን ማለዳ አምስት ሆነን ጥቁር በጥቁር ለብሰን ሳን ፍራንሲስኮ ሆቴሉ ሄድን። ከሊፍት ወጥቶ ሲያየን ፊቱ በራ። «ሁላችሁም መጣችሁ? ለእኔ?» ብሎ እየሮጠ መጥቶ አቀፈኝ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ ወደ በሩ አየና «ማሚስ?» አለ። ልብሳችንን አየ። አንድ በአንድ አየን። ጋሽ ማንደፍሮ «ልጄ፣ አይዞህ፣ ጌታ ወስዷታል» ሲሉት እጁ ከላዬ ላይ ወረደ። ሲወድቅ እንይዘዋለን ብለን ነበር። አልወደቀም።

ኮቹ ሰምቶ መጣ። የተባለው ሲተረጎምለት ግራ ገባው። የሊጉ ሕግ ቤተሰብ ለሞተበትም፣ ቤተሰብ በጠና ለታመመበትም ተጫዋች ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ይሰጣል፣ ቦታውም አይወሰድበትም አለ። «አንድ ስልክ ብትደውሉ ኖሮ በዚያው ቀን አውሮፕላን ላይ ነበር» አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እኔን ነው። ቦታውን አላዳንኩለትም፤ በከንቱ ነው ያቆየሁት።

ይዲድያ ወደ እኛ ዞረ። «ማን ነው እንዳትነግሩኝ ያለው?» አለ በእንግሊዝኛ። ጋሽ ማንደፍሮ እኔን አዩኝ። ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «እሷ ናት» አልኩ። «ጨዋታውን ይጨርስ፣ አትጥሩት አለች።» ልጁ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ ሌላ ነገር አልጠየቀም። አላለቀሰም እንኳ።

ያን ቀን አልተጫወተም። ከእረፍቱ ሲመለስ ወደ ታችኛው ሊግ አወረዱት፣ በኖቬምበር ደግሞ ክለቡ አሰናበተው። አሁን ሳኒቬል ውስጥ የኢንጂነሮችን ልጆች ኳስ መምታት ያስተምራል። እሑድ እሑድ እኔ ጋ እየመጣ ምሳ ይበላል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ይሄዳል። የእናቱን ስም አያነሣም። መቃብሯ ጋ እንሂድ ስለው «ሥራ አለኝ» ይላል። እኔም ሆዴ እያወቀ ሐዘን ነው፣ ያልፋል እላለሁ።

ዘንድሮ በሜይ ከምሥራቅ በኩል ያለ ትንሽ ክለብ ና ተጫወትልን ብሎ ደወለለት። እምቢ ብሏቸው መጣ። ሾርባውን እያወጣሁለት ለፈለፍኩበት። «ጅል ነህ እንዴ? እናትህ ብትኖር ምን ትላለች? ደስ አይላትም?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «አንቲ፣ እኔ ኳስ መያዝ አልችልም» አለ። «ኳስ ስይዝ፣ ማሚ ከእኔ አስበልጣ የመረጠችው ይሄን ነው እላለሁ። እየሞተች፣ ልታየኝ አልፈለገችም። ጨዋታውን ነው የፈለገችው። ምን አድርጌያት ነው?»

ዐይኔ እያየ ልጁን መግደሌ ያኔ ገባኝ። «ዋሽቼሃለሁ» አልኩት። «ጠርታሃለች። ሁለት ቀን ጠርታሃለች። እኔ ነኝ ነገ ነገ ያልኳት።»

«ምን አለች? እሷ እንዳለችው በይው» አለኝ።

«ኳሱ ይቅርበት፣ ይምጣልኝ።»

«ይምጣልኝ» አለ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው። ደገመው። ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሆቴሉ ውስጥ ያላለቀሰውን ለቅሶ አለቀሰ። ልይዘው ስጠጋ «አትንኪኝ» አለ። ቁልፉን አንሥቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«እሺ፣ ያልጠራሽኝ ቦታዬን እንዳላጣ ፈርተሽ ነው። ውሸቱስ?»

«እሱንም ፈርቼ ነው» አልኩ።

«አንቲ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ እናቴን ጠላኋት» አለኝ። «ሞታ ሳለች ጠላኋት።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከእኔ ቤት በቀጥታ መቃብሯ ጋ ሄዶ እስኪመሽ እንደተቀመጠ ጋሽ ማንደፍሮ ነገሩኝ። እኔ ጋ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መጥቶ አያውቅም።