ለታናሽ ወንድሜ የተቀዳ ምርቃት

በአባቴና በታናሽ ወንድሜ መሃል መልእክት ማመላለስ የጀመርኩት ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ የገባ ሰሞን ነው። ሳይሰናበት ነው የሄደው። አባቴ ሆመቾ ባለው ቤታችን ጠዋት ተነስቶ የወንድሜን ባዶ መደብ አየ፤ ከዚያ ወዲህ ወንድሜ በደወለ ቁጥር ስልኩን ስንሰጠው ሳያናግረው ለእናቴ ያቀብላል። ሁለቱ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እኔም ሆሳዕና እያስተማርኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆመቾ እየሄድኩ፣ "ደህና ነው፣ እንዲህ ብሏል" ስል ኖርኩ። ደከመኝ። ማንም ሳያዘኝ የያዝኩት ሥራ ስለሆነ ግን ለማን ላስረክበው?

ታዲያ ወንድሜ ሊያገባ መሆኑን ነገረኝና የአባቴን ምርቃት ለመነኝ። በሠርጉ ቀን አዳራሽ ውስጥ በትልቅ ስፒከር ሊያሰማው ስለፈለገ በስልክ የተቀዳ እንዳይሆን አደራ አለኝ። አባቴን ለማሳመን ብዙ ቅዳሜ ፈጀብኝ። በመጨረሻ እንሰቱ ሥር እየኮተኮተ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ አንድ ጊዜ እንደሚመርቀው ነገረኝ። ሁለተኛ ብጠይቀው እሺ እንደማይል ከድምፁ ገባኝ።

ማይኩን ከቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ተዋስኩ። ከባድ፣ ደህና ማይክ ነው። ችግሩ የገመዱ ጫፍ ባለ ሦስት እግር ሲሆን፣ የአሮጌዋ ላፕቶፔ ቀዳዳ ደግሞ ቀጭን፣ የኤርፎን ዓይነት ነው። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ገመድ ቆርጦ አንድ ጃክ በየደልኝ። ሲሰጠኝም እንዲህ ያለው ማይክ የራሱ ድምፅ ደካማ ስለሆነ በሚክሰር አልፎ ካልጎላ የላፕቶፕ ሳውንድ ካርድ በደንብ እንደማይቀበለው አስጠነቀቀኝ። ሚክሰሩን ደግሞ መዘምራኑ ከቤተ ክርስቲያን አያስወጡም። ቤት ገብቼ ሰካሁትና አወራሁ፤ የሰማሁት ከወንዝ ማዶ የሚጣራ ሰው ነው። ማስተካከያው ውስጥ ገብቼ የማይኩን ኃይል እስከ ጥግ ስጨምረው ድምፄ መጣ፤ ሽሽሽ የሚል ነገርም አብሮት መጣ። ቻርጀሩ ሲሰካ ደግሞ እምምም ይላል። ቻርጀሩን ነቀልኩ። ሽሽሹ ግን የሳውንድ ካርዱ የራሱ ነውና ምን ብዬ ልንቀለው። ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ልጆቹ ዝም ባሉ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የሚመጣው እሱ ነበር።

ቅዳሜ ላፕቶፔን ተሸክሜ ሆመቾ ሄድኩ። እናቴ ዶሮዎቹን ከደጅ አባረረች፣ በሩን ዘጋን፣ እኔም ማይኩን በርጩማ ላይ አስደግፌ አባቴ ፊት አቆምኩት። የመረቀው በሀዲይኛ ነው። በቤታችን ወግ አባቴ አንድ ቃል በመረቀ ቁጥር እኛ "አሜን" እንላለን፤ አሜን ካልተባለ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ያን ቀን ግን ገና ሳይጀምር አፋችንን እንድንይዝ በእጁ ምልክት ሰጠን። ቅጂው እንዳይበላሽ ተጨንቆልኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ልጅህን ልጅ ይከተለው፣ ከደጅህ እንግዳ አይጥፋ፣ የሄድክበት አገር ሰው ይስጥህ እያለ ቀጠለ። በየመሃሉ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ዝም ይላል። አርጅቷል፣ ቃሉ እየጠፋው ነው ብዬ አንጀቴን በላኝ።

እሱ ሲጨርስ እኔ ከሰዓቱን ሙሉ ሄድፎን አድርጌ ላፕቶፔ ላይ አቀረቀርኩ። ሲናገር ሽሽሹ በድምፁ ይሸፈናል፤ ዝም ሲል ግን ብቻውን ይቀርና ያስጠላል። ስለዚህ ዝምታዎቹን በሙሉ ቆርጬ አወጣሁ። ምርቃቱ እንደ ዜና ንባብ አንድም ቦታ ሳይቆም ተንቆረቆረ። እንቅልፍ እያዳፋኝም ቢሆን ኮራሁ።

አባቴ እሱ ሳይሰማው እንዳይላክ ብሎ ስለነበር ከፈትኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማና ጠየቀኝ።

"እሱ አሜን የሚለው የት ጋ ነው?"

ለካ የእኛን አፍ የዘጋው አሜኑን ለወንድሜ ሊያስቀርለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልጁ አሜን እስኪል እየጠበቀው ነበር፤ እኔ ደግሞ መጠበቁን እንደ ጉድፍ ጠርጌ ጣልኩት። አፈርኩ። ደግነቱ የመጀመሪያው ቅጂ ስላልጠፋ ከነሽሽሹ አውጥቼ እንደገና አሰማሁት። በየዝምታው ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ይኸኛው እንዲላክ ነገረኝ፤ ላክሁት።

ወንድሜ አዳራሽ ውስጥ አላሰማውም። ከሠርጉ በኋላ ደውሎ፣ ጠዋት ክፍሉን ቆልፎ ብቻውን በኤርፎን እንደሰማው፣ ሰው ፊት እንዳልቻለ ነገረኝ። ማይኩ፣ ብየዳው፣ ልመናው፣ ያ ሁሉ ልፋት ለሁለት ጆሮ ሆኖ ቀረ። ለመናደድም ጉልበት አልነበረኝም። ቆይቶ፣ ምርቃቱን ሲሰማ በሌላ ስልክ የቀዳውን የራሱን ድምፅ ላከልኝ። ኤርፎን አድርጎ ስለነበር የአባቴ ድምፅ አይሰማም። ዝምታ ነው፣ ከዚያ አሜን ይላል፤ እንደገና ዝምታ፣ እንደገና አሜን። ሌላ ምንም የለበትም።

ቅዳሜ ለአባቴ ከፈትኩለት። በመጀመሪያው ዝምታ ግራ ተጋብቶ ስልኩን አገላብጦ አየው። አሜኑ ሲመጣ የልጁን ድምፅ አወቀና ዓይኑን ጨፈነ። ቀጣዩ ዝምታ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ሁለተኛውን ምርቃት ጮክ ብሎ መረቀ፤ አሜኑ መለሰለት። ሦስተኛውንም ጀመረ። ስልኩ ግን ሽማግሌ አይጠብቅም፤ አባቴ ግማሽ ላይ እያለ አሜኑ ቀደመው። ዓይኑን ገልጦ ወደ እናቴ ዞረ።

"ሳልጨርስ አሜን ይላል" አላት። "ድሮም ችኩል ነው።"

እንዲህ ሲያማርር የምናውቀው እቤት ባለ ልጅ ላይ ብቻ ነው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።