መምህርት ነጃት እና የመጨረሻዋ ሽቦ

ነጃት ዐብዱልከሪም የጎንደር አራዳ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ሱቁን ትረከበኛለች ብለው ሲጠብቁ እሷ ፊዚክስ ተማረች፤ ማክሰኝት ከተማ ጥቂት ዓመታት አስተምራ ወደ ጎንደር ተመለሰች። በ2008 ዓ.ም. በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሠራ የምህንድስና ክበብ ስታቋቁም፣ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እንዲሠሩ ጠየቀች። ርእሰ መምህሩ «እስቲ እናያለን» ብለው የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሰጧት።

ከመጡት አንዷ መርዋ ነበረች። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ብዙ አታወራም፤ ካቻቢቴ ከጨበጠች ግን የሚያስጥላት የለም። አባቷ ሸሪፍ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ያመጧት እያመነቱ ነው።

«ነጃት ልጄ፣ ሰው መሀል ስትሠቃይ ማየት አልችልም» አሉ። «እስከ ወላጆች ቀን ትምጣ። አንድ ነገር ከጨረሰች ትቀጥል። ካልሆነ ቤቷ ትቀመጥ።»

«ኢንሻአላህ ትጨርሳለች» አለች ነጃት።

መርዋ ግን አትጨርስም። ከአሮጌ ቴፕ በወጣ ሞተር ክሬን ትሠራለች፤ ክሩን ትጠመጥማለች፣ የሃይላንድ ክዳን ታንጠለጥልበታለች፣ ሽቦዎቹን በናስትሮ ታስራለች። ከባትሪ ድንጋዩ ጋር የምትገናኝ አንዲት ሽቦ ስትቀር እጇን ትሰበስባለች። ግጠሚያት ካሏት ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።

«የእሷ ክሬን የፋሲል ግንብ ነው እኮ» ይላል ቢያዝን፣ የክበቡ ቀልደኛ። «ይጎበኛል እንጂ አይንቀሳቀስም!»

«አንተ አፍህን ትተህ የመኪናህን ጎማ አጥብቅ!» ትለዋለች ነጃት።

የወላጆች ቀን ሲቃረብ የቢያዝን መኪና ተንቀሳቀሰች። ነጃትም እንደ ልማዷ «ሞቅ አድርጋችሁ አጨብጭቡለት!» አለች። እሷም ስትማር፣ ስታስተምርም የኖረችው እንዲያ ነው፤ የተሳካለት ይጨበጨብለታል። ክፍሉ ጯ አለ። መርዋ ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ገባች።

ነጃት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ታናሽ ወንድሟ ጃቢር ትዝ አላት። ሠርግ ቤት እልልታ ሲነሳ ወደ ጓዳ ይሮጥ ነበር። «ደስታ አይወድም» ይሉት ነበር፤ ለምን እንደሚሮጥ የጠየቀው ግን አልነበረም። ትምህርት ቤት ሳይገባ በልጅነቱ ሞተ። እስከ ዛሬ እልልታ በሰማች ቁጥር ዓይኗ ወደ ጓዳው በር ይሄዳል።

ዝቅ ብላ ከመርዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«መርዋዬ፣ ክሬኑ ቢሠራ ምን ይመጣል?»

«ጭብጨባ።»

«ባናጨበጭብስ?»

መርዋ አንድ እጇን ከጆሮዋ ላይ አነሳች።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ ቲቸር?» አለ ቢያዝን። «እንደ ሐውልት እንገተር?»

«እጅ ጠረጴዛ ላይ» አለች መርዋ ከሥር። ቢያዝን እንደ መሳቅ ብሎ ተወውና ሁለት መዳፎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሌሎቹም ተከተሉት። መርዋ ብቅ ብላ እጆቹን አየች። ሽቦዋን ግን ያን ቀን አልነካቻትም።

በወላጆች ቀን ነጃት የመርዋ ተራ ሲደርስ ማንም እንዳያጨበጭብ፣ ሁሉም እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዲዘረጋ አስቀድማ ተናገረች። ሸሪፍ አልሰሙም፤ ከሱቅ ዘግይተው ገና በሩ ላይ ደረሱ። መርዋ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን እጆች አንድ በአንድ እያየች ዞረች። ሽቦዋን አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠቻት። መርዋ እንደገና አነሳቻትና ገጠመቻት።

ሞተሩ አጉረመረመ። ክዳኑ ከጠረጴዛው ለቆ ወደ ላይ ወጣ።

የሸሪፍ እጆች ለጭብጨባ ተነሡ።

«ጋሼ! ጋሼ፣ እጅዎን!» አለ ቢያዝን በሹክሹክታ።

ሸሪፍ እጆቻቸውን አየር ላይ እንደያዙ ግራ ተጋቡ። ዙሪያውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው መጥተው ትላልቅ መዳፎቻቸውን ከልጃቸው እጅ አጠገብ ዘረጉ። መርዋ እጆቹን አየች፤ ጆሮዋን አልያዘችም። ክዳኑን አወረደችና እንደገና አነሳችው።

ሸሪፍ ወደ ነጃት ጠጋ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ነገ በስንት ሰዓት ላምጣት?» አሉ።