በየትኛው ዘመነ ሉቃስ

ማመልከቻዬን ሦስት ጊዜ ገልብጬ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ቀለም ጠብ አለበት፤ ሁለተኛው ላይ መስመሩ ተንጋደደብኝ። ሦስተኛው ግን ነቀፋ አልነበረውም፤ ለዕድሜዬ የተውሁት ቦታ ብቻ ባዶ ነበር።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ሐኪም ቤት ሴቶችን አስታማሚነት ሊያስተምር ነው ተብሎ ሐረር ላለነው የሚሲዮን ተማሪዎች ወረቀት ደርሶን ነበር። የሚፈለገው በራስ እጅ የተጻፈ ማመልከቻ፣ የአስተማሪ ምስክርነትና አሥራ ስምንት ዓመት መሙላትን የሚያረጋግጥ የንስሐ አባት ቃል ነው። ፖስታው በዚያ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል፤ ያ ካመለጠኝ ቀኑ አለፈ ማለት ነው። በትምህርቴ በኩል ፍርሃት አልነበረኝም። ያስቸገረኝ መቼ እንደተወለድሁ የሚያውቅ ሰው ሐረር ውስጥ መጥፋቱ ነው። አገሬ መንዝ ነው። እቤቱ የተቀመጥሁት አጎቴ ሐረር ሲገባ እኔ ገና አልተፀነስሁም። ለእናቴ ልጻፍ ብል መልሱ ሳይመጣ ፋሲካ ያልፋል።

የዚያን ረቡዕ ጠዋት ሻሼን ሳስር የአጎቴ ሚስት፣ «ጥርሷን አይተን እንጻፍላቸው እንጂ! በቅሎ ስንገዛ እንዲያ አይደል የምናደርገው?» አለች።

«ስትነክስሽ ታውቂዋለሽ» አላት አጎቴ።

ትምህርት ቤት እንደ ደረስሁ የፈረንሳይኛ የቃል ጽሕፈት፣ ቀጥሎ ሒሳብ ነበረን። ከዚያ ትንንሾቹን ፊደል ማስቆጠር የእኔ ተራ ነበር። ስፌት ላይ «ማ ሴር» የምንላት ፈረንሳዊት መነኩሲት መምህሬ የሰፋሁትን እጅጌ ወዲያና ወዲህ ጎተተችው፤ ክሩ አልላላም። ምስክርነቷን ያኔውኑ ፈርማ ሰጠችኝ። ምሳ እንድበላ ስታዘኝ ረቡዕ መሆኑን አስታወስኋት።

«እንግዲያው በባዶ ሆድሽ ሩጪ። አሥር ሰዓት ላይ ግን የካርታ ፈተና አለሽ።»

የጊደር መጋላን ገበያ ሳቋርጥ ቅመም የምትሸጥ አንዲት የጀጎል ሴትዮ ጮኸችብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ማን አሳደደሽ?»

«ፖስታ ነው እማማ!»

«ፖስታ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚያሳድደው? ኢንሻአላህ ትደርሻለሽ፤ በርበሬዬን ብቻ እንዳትደፊብኝ!»

ንስሐ አባቴን ያገኘኋቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው። መስቀል ተሳልሜ ጉዳዬን ነገርኋቸው። ዳዊታቸውን ዘጉ።

«መቼ ተወለድሽ?»

«በዘመነ ሉቃስ ነው አባ። ሰማንያዬ የሞላው ከጥምቀት ማግሥት እንደ ሆነ እናቴ ነግራኛለች።»

«እንግዲያ የጥቅምት ልጅ ነሽ። ዘንድሮ ማቴዎስ ነው» አሉና በጣታቸው ወደ ኋላ ቆጠሩ። «ሉቃስ ሁለት ዓመቱ። ከዚያ በፊት ያለው ስድስት፣ ከዚያም አሥር፣ አሥራ አራት፣ አሥራ ስምንት። የሁለት ዓመት ልጅ እንዳልሆንሽ መቼም እመሰክራለሁ። አሥርም አይደለሽ። እንግዲህ ወይ አሥራ አራት ነሽ ወይ አሥራ ስምንት። ቁመትሽን ሳየው አሥራ አራት፣ ምላስሽን ስሰማው ሠላሳ!»

እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም።

«አሥራ አራት ከሆንሽ የኅዳር በሽታ የገባበት ዓመት ልጅ ነሽ። አሥራ ስምንት ከሆንሽ ደግሞ በሽታው ሲገባ አራት ዓመትሽ ነበር። ታስታውሺዋለሽ?»

አዎ ማለት ብቻ ነበረብኝ። ዓይኔ ላይ ያለ ነገር አለና። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል፤ እናቴ ራሷን ማንሣት አቅቷታል፤ እኔ የነጠላዋን ጫፍ ውኃ እየነከርሁ የሕፃን ከንፈር አረጥባለሁ። ግን ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ ስንት ጊዜ ተወርቷል! የሰማሁትን ያየሁት መስሎኝ ቢሆንስ? በማላውቀው ምዬ ከምሄድ ብቀር መረጥሁ።

«አባ፣ የማስታውሰው አለ። የራሴ ይሁን የሰማሁት ግን አላውቅም» ብዬ እንዳለ ነገርኋቸው።

ዳዊታቸውን ወደ ጎን አኖሩ።

«ሕፃኑ ማን ነው?»

«ታናሽ ወንድሜ። በዚያው በሽታ ዐረፈ።»

«ታናሽሽ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«እናቴ ናት። ስሙን በጸሎቷ ሳታነሣ አትውልም።»

«አርባው ሞልቶ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር አባ፤ ክርስትና ተነሥቷል።»

አማተቡ። ወዲያው ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል? አንቺ ባታዪው እናትሽ አይታዋለች! በዚያ ኅዳር ታናሽ የነበራት ልጅ በዚያው ዓመት ጥቅምት አልተወለደችም። አሥራ ስምንት ነሽ። በይ ቀለሙን አቀብይኝ።»

ሲጽፉ አጠገባቸው ቆሜ አለቀስሁ። አሥራ ስምንት በመሆኔ አይደለም። ያንን ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ እንደ እናቴ ኀዘን እንጂ እንደ እኔ ወንድም ቆጥሬው አላውቅም ነበር። በቅዳሴ እንዲያስቡልኝ ስሙን ነገርኋቸው፤ እሱንም በሌላ ቁራጭ ወረቀት ጻፉት።

ፖስታ ቤት ስደርስ ጸሐፊው የከረጢቱን አፍ ሊያስር ገመድ ይዟል።

«ዘግተናል እቴ።»

«ገመዱ እኮ ገና እጅዎ ላይ ነው ጌታዬ። ብዕር ብቻ ያውሱኝ።»

እያጉረመረመ ብዕሩን ገፋልኝ። በባዶው ቦታ «አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኛል» ብዬ ጻፍሁ። በትከሻዬ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበና ከእግር እስከ ራስ አየኝ።

«አሥራ ስምንት? አንቺ?»

«ምስክር አለኝ» አልሁት፤ ወረቀቶቹንም አጥፌ ሰጠሁት።